የወፎች መንቁርና ክፉ ቀን

ወፍ እጅ የላትም፤ ጥርስም የላትም። ሰው በእጁ ለቅሞ፣ በቢላዋ ቆርጦ፣ በሙቀጫ ወቅጦ፣ በወንፊት ነፍቶ፣ በጥርሱ አኝኮ የሚፈጽመውን ሥራ ሁሉ ወፍ የምትፈጽመው በአንድ መሣሪያ፣ ይኸውም በመንቁሯ ነው። ስለዚህ የአንዲቱን ወፍ መንቁር አይቶ ምን እንደምትበላ መገመት ይቻላል ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ነገሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ግማሽ እውነት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለጓደኞቻችን ለመግለጽ የምንፈልገው ስለ ቀረው ግማሽ ነው። መንቁር ይበልጡን የሚነግረን ወፊቱ በጥጋብ ቀን የምትበላውን ሳይሆን፣ ሌላው ምግብ ሁሉ ባለቀ ጊዜ፣ በክፉ ቀን፣ ነፍሷን የምታተርፍበትን ምግብ ነው። ጉዳዩ በዕጣ የሚደርሰው ለሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ቢሆንም፣ ስለ ሰው ኑሮ የሚነገረውን አንድ ትልቅ ስሕተት የሚያርም ሆኖ ስላገኘነው እኛም እንድንናገርበት ይፈቀድልን።

ሀ) መንቁር እንደ መሣሪያ

መንቁር ከውስጡ አጥንት ነው፤ ይኸውም የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ወደ ፊት ረዝሞ የወጣ ነው። ከውጭ የሚሸፍነው ቅርፊት ደግሞ ኬራቲን የተባለ፣ ከጥፍርና ከቀንድ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ነው። እንደ ጥፍርም ከሥር እያደገ፣ በሥራ ብዛት ከጫፉ እያለቀ ይኖራል።

የመንቁር ቅርጽ ሥራውን የሚወስንበት ምክንያት ከማንኛውም የእጅ መሣሪያ የተለየ አይደለም። በመቀስ ወፍራም ነገር ለመቁረጥ የፈለገ ሰው ነገሩን ወደ ጫፉ ሳይሆን ወደ ማጠፊያው ያስጠጋዋል፤ ኀይል የሚበረታው ከማጠፊያው አጠገብ ነውና። እንደዚሁም አጭርና ወፍራም መንቁር ጠንካራ ፍሬ ለመስበር ይመቻል፤ ወፍራምነቱም ራሱ መንቁሩ እንዳይሰበር ይጠብቀዋል። ረጅምና ቀጭን መንቁር ግን ኀይል የለውም፤ ፋንታውን ከጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይለቅማል። ወረንጦ ከጣት እሾህ ያወጣል እንጂ ሚስማር አይነቅልም፤ ጉጠትም የጋለ ብረት ይይዛል እንጂ ለእሾህ አይሆንም። ሁለቱን ሥራ በእኩል ደንብ የሚሠራ አንድ መሣሪያ እስካሁን አንጥረኛም አልሠራ፣ ተፈጥሮም አልሠራች።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እየተንጫጫ በቤታችን ጣራ ላይ የሚያልፈው ጋጋኖ መንቁሩ ረጅምና ወደ ታች የጎበጠ ነው፤ በእርጥብ ሜዳ ላይ እየሄደ መንቁሩን በመሬት ውስጥ እየሰካ ትልና እጭ ያወጣል። ሊቃውንት በተከዜ ወንዝ ስም የሰየሟት አበባ ቀሳሚ ወፍ ደግሞ መንቁሯ እንደ ቆልማማ መርፌ ቀጭን ስለሆነ፣ እንደ እሬት ካለው ሸንበቆ መሰል አበባ ውስጥ አግብታ ማሩን በምላሷ ትስባለች። በማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት የደጋችን ትልቅ ቁራ መንቁሩ እንደ መጥረቢያ ወፍራም ነው፤ ጥንብም ይበላል፣ የከብት ፋንድያም እየበተነ በውስጡ ያለውን እጭ ይለቅማል።

ጥንብ አንሳዎችን ያየን እንደ ሆነ፣ ሁሉም ጥንብ በሊታዎች ቢሆኑም መንቁራቸው አንድ ዓይነት አይደለም። በአንድ በድን ዙሪያ ሲሰበሰቡ ትልቁና መንቁረ ወፍራሙ ቆዳውን ይቀዳል፤ አንገተ ረጅሙ ራሱን በተቀደደው በኩል አስገብቶ ሥጋውን ይጎትታል፤ በቄራ አካባቢ የምናየው ትንሹና መንቁረ ቀጭኑ ደግሞ ዳር ቆሞ ይጠብቅና በአጥንት መካከል የቀረውን ይለቃቅማል። ማዕዱ አንድ፣ ድርሻው ሦስት መሆኑ ነው። በተራራ ላይ የሚኖረው ባለ ጢሙ ጥንብ አንሳ ግን አጥንት በሊታ ሆኖ ሳለ ትልቁን አጥንት በመንቁሩ ሊሰብረው አይችልም። ስለዚህ አጥንቱን ይዞ ወደ ሰማይ ይወጣና በቋጥኝ ላይ ይጥለዋል፤ ተሰብሮ ሲያገኘው ወርዶ ይበላዋል። መንቁር የጎደለውን ብልሃት ይሞላዋል ማለት ነው።

ለ) ጥያቄው

እስካሁን የተናገርነው ማንም ዐይን ያለው ሰው የሚያየው ነው። ዳሩ ግን መንቁርና ምግብ እንዲህ ሊስማሙ የቻሉት እንዴት ነው? ወፊቱ ደጋግማ በመጣሯ መንቁሯ ይረዝማልን? እንዲህ ቢሆን ኖሮ የአናጢ ልጅ መዳፉ ሻክሮ በተወለደ ነበር። ይህን ጥያቄ ለመመለስ የረዱት ከአገራችን ርቀው፣ ከደቡብ አሜሪካ ጠረፍ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ገብተው በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የሚገኙት፣ የኤኳዶር ግዛት የሆኑት የጋላፓጎስ ደሴቶች ናቸው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቻርልስ ዳርዊን በ1835 በመርከብ ወደ እነዚህ ደሴቶች ሲደርስ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። በዚያ ከሰበሰባቸው ነገሮች መካከል መልካቸው ደብዘዝ ያለ፣ ድንቢጥ የሚያህሉ ትንንሽ ወፎች ነበሩ። መንቁራቸው እጅግ የተለያየ ስለ ነበረ ዳርዊን ዘራቸው ልዩ ልዩ መስሎት ነበር። በ1837 ለንደን ላይ ጆን ጉልድ የተባለው የወፍ ሊቅ መርምሮ ሁሉም ፊንች የተባለው ቤተ ሰብ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን ገለጸለት። ከእነዚህ አንዱ መንቁሩ ወፍራም ሆኖ ጠንካራ ፍሬ ይሰብራል፤ አንዱ ቀጭን ሆኖ ነፍሳት ይለቅማል፤ አንዱ የቁልቋል አበባ ይቀስማል፤ አንዱ ደግሞ መንቁሩ ስላልደረሰለት የቁልቋል እሾህ ይዞ ከግንድ ውስጥ እጭ ጎርጉሮ ያወጣል። ከአንድ ወላጅ ዘር ይህን ያህል ልዩነት ከወጣ፣ ልዩነቱን ያወጣው ምግቡ መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነሣ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ሆኖም ዳርዊን ለውጡ እጅግ ዝግ ብሎ የሚካሄድ ስለ መሰለው፣ ሰው በዕድሜው ቆሞ ሊያየው ይችላል ብሎ አልገመተም።

ሐ) የ1977 ድርቅ

ቆመው ያዩት ባልና ሚስት የሆኑት ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት ናቸው። ከ1973 ጀምሮ ለ40 ዓመታት ያህል ዳፍኔ ሜጀር ወደምትባለው ደሴት እየተመላለሱ ወፎቹን በመረብ እየያዙ፣ በእግራቸው ላይ ቀለበት እያሰሩ፣ የመንቁራቸውን ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት እየለኩ መዘገቡ። ደሴቲቱ ከግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰች፣ ሰው የማይኖርባት የእሳተ ገሞራ ጉብታ ስለሆነች፣ በላይዋ የሚኖሩትን ወፎች አንድ በአንድ ለማወቅ ይቻል ነበር።

በደሴቲቱ ላይ ከሚበዙት መካከል መካከለኛው የምድር ፊንች የሚባለው ይገኛል። ዝናም በዘነመ ጊዜ ሣሩና ቅጠላ ቅጠሉ ብዙ ለስላሳና ትንንሽ ዘር ስለሚሰጥ መንቁረ ወፍራሙም መንቁረ ቀጭኑም ያንኑ በአንድነት ሲለቅሙ ይታያሉ። በዚያን ጊዜ ወደ ደሴቲቱ የደረሰ እንግዳ ቢኖር የመንቁር ልዩነት ምንም ጥቅም የለውም ብሎ ይመለስ ነበር። በጥጋብ ቀን መንቁር ሁሉ እኩል ነው።

በ1976 ደህና ዝናም ዘንሞ ነበር። በ1977 ግን የዘነመው 24 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ። ዕፀዋቱ ዘር አልሰጡም። ወፎቹ በመጀመሪያ ለስላሳውንና ትንሹን ዘር ለቅመው ጨረሱ። ከዚያ በኋላ በመሬት ላይ በብዛት የቀረው ትልቁና ጠንካራው ብቻ ሆነ፤ ከእነዚህም ዋናው የኩርንችት ዘመድ የሆነ ተክል ፍሬ ነበር። ኩርንችትን የአገራችን እረኛ ሁሉ በባዶ እግሩ ያውቀዋል፤ ፍሬው እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ዙሪያውን እሾህ የታጠቀ ነው። በውስጡ ያለውን ዘር ለማግኘት ቅርፊቱን መስበር ግድ ይሆናል። መንቁሩ ወፍራም የሆነው ፊንች ይሰብረዋል፤ ከዚያ ጥቂት የቀጠነው ግን ታግሎ ታግሎ ይተወዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

በዓመቱ መጀመሪያ ላይ 1200 ያህል ከነበሩት መካከለኛ ፊንቾች በዓመቱ መጨረሻ በሕይወት የተገኙት 180 ያህል ብቻ ነበሩ። ከመቶው 85 ያህሉ ሞቱ። የሞቱትና የተረፉት መዝገብ ቢመረመር፣ የተረፉት በአማካይ መንቁራቸው ከፊተኛው አማካይ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የወፈረ ሆኖ ተገኘ። በተከታዩም ጊዜ ዝናም ሲመለስና የተረፉት ሲዋለዱ፣ ጫጩቶቹ ሲያድጉ መንቁራቸው ከድርቁ በፊት ከነበረው ትውልድ በ4 በመቶ ያህል በልጦ ተለካ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ነገር አለ። በድርቁ ጊዜ መንቁሩ የወፈረለት አንድም ወፍ የለም። ያደገች ወፍ መንቁሯን አትለውጥም። የተለወጠው የእያንዳንዱ ወፍ መንቁር ሳይሆን የሕዝበ ወፉ አማካይ ነው፤ የተለወጠውም ቀጫጮቹ ስለ ሞቱ ነው። ለውጡ ወደ ልጆች ሊተላለፍ የቻለው ደግሞ የመንቁር ቅርጽና መጠን ከወላጅ የሚወረስ ስለሆነ ነው። ይህም በኋላ በደም ምርመራ ተረጋግጧል፤ በ2015 የመንቁርን ቅርጽ፣ በ2016 ደግሞ የመንቁርን መጠን በይበልጥ ከሚቆጣጠሩት መካከል የሆኑ የዘር ቅንጣቶች በእነዚሁ ፊንቾች ላይ ተገኝተዋል።

መ) ትርፉ ወደ ኪሳራ ሲለወጥ

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፣ ወፍራም መንቁር ከቀጭኑ የተሻለ ነው ብለን በፈረድን ነበር። ነገር ግን አላበቃም።

በ1982 መጨረሻና በ1983 ኤልኒኞ የተባለው የአየር መዛባት በደሴቲቱ ላይ ታይቶ የማይታወቅ ዝናም አዘነመ። ሐረጉና ሣሩ ምድሩን አለበሰው፤ ኩርንችት መሰሉን ተክልም ሸፍኖ አዳከመው። ከዚህ የተነሣ ምድሪቱ በትንንሽ ዘር ተሞላች። ቀጥሎ በ1984 እና በ1985 ዝናሙ ባነሰ ጊዜ በጎተራዋ የቀረው ትንሹ ዘር ነበር። ትንሹን ዘር ፈጥኖ መልቀም የሚሆንለት ትንሹ መንቁር ነው፤ ግዙፉ ወፍ ግዙፍ ሰውነቱን በትንሽ ዘር ለመመገብ ይቸግረዋል። በዚህ ጊዜ በይበልጥ የሞቱት ከስምንት ዓመት በፊት አሸናፊ የነበሩት መንቁረ ወፍራሞች ሆኑ።

ሦስተኛው ድርቅ ከ2003 እስከ 2005 የነበረው ነው። በዚያን ጊዜ በደሴቲቱ ላይ ሌላ ባለ ጉዳይ መጥቶ ሰፍሮ ነበር፤ ይኸውም ከመካከለኛው በጣም የሚበልጥ መንቁር ያለው ትልቁ የምድር ፊንች ነው። ድርቁ በገባ ጊዜ ትልቁ ፊንች ኩርንችቱን ፈጥኖ ጨረሰው። በ1977 ለመንቁረ ወፍራሞቹ መዳኛ የሆናቸው ምግብ አሁን ጉልበተኛ ጎረቤት ወሰደባቸው። ስለዚህ ከመካከለኛዎቹ የተሻለ የተረፉት በትንንሽ ዘር ለመኖር የቻሉት መንቁረ ትንንሾች ሆኑ። የድርቅ ዓመት ሁሉ አንድ ዓይነት ፍርድ አይሰጥም፤ ፍርዱ የሚሰጠው በዚያን ቀን በምድር ላይ በቀረው ምግብና በማዕዱ ዙሪያ በተቀመጡት ጎረቤቶች መጠን ነው።

ሠ) መንቁር ለመብል ብቻ አይደለም

ነገሩን ከልክ በላይ እንዳናቃልለው አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባናል። ወፍ በመንቁሯ ትበላለች እንጂ ለመብል ብቻ አትጠቀምበትም። ጎጆ ትሠራበታለች፣ ላባዋን ታበጥርበታለች፣ ትዋጋበታለች፣ በሞቃት አገርም ትልቅ መንቁር ያላቸው ወፎች ከሰውነታቸው ሙቀት ያስወጡበታል። የመንቁር ቅርጽ ከዘር ሐረግና ከራስ ቅል መጠን ጋርም የተያያዘ ነው። በ2016 በንስርና በመሰሎቹ ላይ፣ በ2019 ደግሞ በብዙ የወፍ ዓይነቶች ላይ የታተሙ ጥናቶች፣ ምግብ ለመንቁር ቅርጽ ያለው ድርሻ ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። እንግዲህ መንቁር ብዙ ጌቶች ያሉት አገልጋይ ነው። ሆኖም ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚታዘዘው ለሆድ ነው።

ረ) መንቁር ያልደረሰለት ለውጥ

የፊንቾች ታሪክ፣ ወፎች ለማንኛውም ለውጥ መልስ ያገኛሉ የሚል የሐሰት መጽናናት ሊሰጠን አይገባም። ይህንን ለመረዳት ወደ ራሳችን ስምጥ ሸለቆ፣ ወደ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ እንመለስ።

በዚያ የምትኖረው ትንሿ ፍላሚንጎ መንቁሯ ከመካከሉ የተሰበረ የሚመስል ጎባጣ ነው። ስትበላ ራሷን ገልብጣ የላይኛውን መንቁር ወደ ታች ታደርጋለች፤ ምላሷን እንደ ቧንቧ መሳቢያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሰች ውሀ ትስባለች፤ በመንቁሯ ውስጥ እንደ ወንፊት የተደረደሩት ቀጫጭን ክሮችም በዐይን የማይታየውን አረንጓዴ ደቂቅ ያስቀሩላታል። በዓለም ካሉት የመብል መሣሪያዎች ሁሉ ረቂቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዳሩ ግን ወንፊት ከመንፋት በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም። ፍላሚንጎ እህል አትለቅምም፣ ሥጋ አትቀድም፤ ይህ ደቂቅ የሚገኝበት ጨዋማ ሐይቅ ከሌለ እርሷም የለችም።

የፔሊካን ነገር ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። ከታችኛው መንቁሯ ሥር እንደ አቁማዳ የተንጠለጠለው ቆዳ ዓሣን ከነውሀው የምትቀዳበት ነው። ፔሊካኖች ጎጆአቸውን የሚሠሩት በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ነበር፤ ሻላ ግን ጥልቅና ዓሣ የጎደለው ስለሆነ ምግባቸውን የሚያመጡት ከጎረቤቱ ከአብያታ ነበር። አብያታ መውጫ የሌለው ጥልቀቱም ያነሰ ሐይቅ ነው፤ በዋናነት የሚኖረው ከዝዋይ ተነሥቶ በቡልቡላ ወንዝ በሚወርደው ውሀ ነው። ይህ ውሀ ለመስኖ ከላይ በመወሰዱ፣ ከሐይቁም ለሶዳ ማምረቻ ውሀ በመሳቡ፣ ሐይቁ በእጅጉ ጠበበ፤ ጨውነቱም ጨመረ፤ ዓሣውም አለቀ። ፔሊካኖቹ ዓሣ ፍለጋ ወደ ሌሎች ሐይቆች ርቀው መብረር ግድ ሆነባቸው።

መንቁራቸው ምን ጥፋት አለበት? ምንም። መንቁር የሚለወጠው በትውልድ ብዛት፣ በሞትና በመራባት ነው፤ የውሀ መሳቢያ ሞተር ግን በጥቂት ዓመታት ሐይቁን ያጠበዋል። ከዚህም በላይ በዳፍኔ ከድርቁ በኋላ ጠንካራም ቢሆን የሚበላ ዘር ቀርቶ ነበር። ዓሣ በሌለበት ሐይቅ ግን የትኛውም ዓይነት አቁማዳ ቢመረጥ ባዶ ነው።

ሰ) ከወፍ ወደ ሰው ስለ መሻገር

በመጨረሻ፣ በእኛ በተማሪዎች ክርክር ውስጥ ደጋግሞ ስለሚነሣ አንድ ነገር እንናገር። ኸርበርት ስፔንሰር በ1864 «ከሁሉ ይልቅ የተስማማው ይተርፋል» የሚል ትርጉም ያለውን ዝነኛ ሐረግ ከጻፈ ወዲህ፣ ብዙ ሰዎች ሐረጉን «ጉልበተኛው ይኑር፣ ደካማው ይሙት» ብለው ተረጎሙት። ድኻ የሚራበው ተፈጥሮ ስለ ፈረደችበት ነው ለሚሉትም ሳይንስን ምስክር አድርገው አቀረቡላቸው።

የዳፍኔ መዝገብ ግን ይህን ምስክርነት አይሰጥም። በመጀመሪያ፣ ተፈጥሮ ጉልበተኛን ለይታ አትወድም፤ በ1977 የመረጠችውን በ1985 ጣለችው። ሁለተኛ፣ ፊንች ከአምናው አዝመራ አስቀምጣ በመንገድ ጭና የተቸገረ ጎረቤቷን ለመርዳት አትችልም። ሰው ግን ጎተራ አለው፣ መንገድ አለው፣ መንግሥትም አለው። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው ጥናት የወሎን ረሀብ መርምሮ፣ በ1973 በወሎ አዝመራው ቢጠፋም በኢትዮጵያ በጠቅላላው የተገኘው እህል ከተለመደው እጅግ ያላነሰ መሆኑንና ሕዝቡ የተራበው በተለይ እህሉን መግዣ በማጣቱ መሆኑን አሳይቷል። ዝናም የከለከለው ሰማይ ነው፤ እህሉን ወደ ተራበው እንዳይደርስ ያደረገው ግን የሰው ሥራ ነው። በዳፍኔ ለደረሰው ሞት ተጠያቂ የለውም። በወሎ ለደረሰው ግን አለው። ይህን ልዩነት የሚያጠፋ ክርክር በሳይንስ ስም ቢቀርብም ሳይንስ አይደለም።

ጓደኞቻችን የተናገርነውን በዐይናቸው ለመመልከት ቢፈልጉ መነጽርና ማስታወሻ ደብተር ይበቃል። በጥቅምት፣ አበባውና ፍሬው በሞላበት ጊዜ፣ በግቢያችን ያሉት ወፎች ምን እንደሚበሉ ይጻፉ። ከዚያም በየካቲትና በመጋቢት፣ ሣሩ በደረቀ ጊዜ፣ ያንኑ መዝገብ ይድገሙ። በመጀመሪያው መዝገብ ብዙ ዓይነት መንቁር በአንድ ማዕድ ላይ ተደባልቆ ሊያገኙት ይችላሉ። እያንዳንዱ መንቁር ለምን እንደ ተሠራ የሚያስረዳው ግን ሁለተኛው ነው።